ሁለት ደብዳቤ፣ አንድ የዓሣ ነባሪ ጥርስ

የደከመው ሰው ወዲያው እንቅልፍ ይወስደዋል የሚል ሰው፣ እሱ ራሱ ደክሞት አያውቅም። ቫሲቲ ስድስት ዓመት ሙሉ ደክሟት ነበር። እንቅልፍ ግን እንደ ሩቅ ዘመድ ሆነባት፤ ብቅ ይላል፣ ሳይቀመጥ ይሄዳል።

በዚያ ረቡዕ ማለዳ ሳቩሳቩ በምትባለው የደሴት ከተማ ባሕር ዳር፣ ውሃው ከመሬት እየፈላ በሚወጣበት ቦታ ተቀምጣለች። የጎደሬውን ከረጢት ፍል ውሃው ውስጥ ነክራ ገመዱን በእግሯ ጣት ይዛዋለች። በእጇ የያዘችው ሌላ ነገር ነው፤ ሁለት ደብዳቤ።

አንደኛው የመጣው ከአውስትራሊያ ነው። ወረቀቱ ወፍራም፣ ማኅተሙ የሚያብለጨልጭ፣ የሠርግ ጥሪ ነው የሚመስለው። የመርከብ ሞተር ምህንድስና፣ አራት ዓመት፣ ተቀብለንሻል ይላል። ክፍያውም ይህን ያህል ነው ይላል። ያንን «ይህን ያህል» ቫሲቲ ጮክ ብላ አንብባው አታውቅም።

ሁለተኛው ከአገሩ ዋና ከተማ ከሱቫ ነው። ስስ ወረቀት፤ ከጀርባ የተጻፈው ከፊት ይታያል። ትምህርቱ ያው ነው። ነገር ግን እኩሌታው በክፍል፣ እኩሌታው በጭነት መርከብ ላይ እየሠሩ ነው፤ መርከቡ ላይ ደሞዝ አለ፣ ደሞዙም ክፍያውን ይችላል። ዓርብ በሚነሣው መርከብ ካልመጣሽ ቦታሽን ለሌላ እንሰጣለን ብሎ ይጨርሳል። ሰላምታ እንኳ የለውም።

አባቷ ኮፕራ፣ የደረቀ ኮኮናት፣ የሚጭን ጀልባ ሞተሪስት ነበር፤ ባሕር በላው። እሷ ያኔ ሃያ ዓመቷ ነው። ሐዘኑ ሳይወጣ ኮኮናት ወደሚጨመቅበት ፋብሪካ ሄደችና «የእናንተን ሞተር አውቀዋለሁ፣ ከአባቴ ጋር ነው ያደግሁበት» አለቻቸው። ሳቁባት። ሞተሩ ለሌላ ሰው አልነሣ ሲል ጊዜ ቀጠሯት። ከዚያ ወዲህ ቀን ቀን ናፍጣና ግራሶ፣ ማታ ማታ የፈተና መጽሐፍ። ስድስት ዓመት።

«አንቺ! ጎደሬው ሟሟ እኮ! ሾርባ ልታጠጭኝ ነው?»

አያቷ አካኒሲ ናት፤ አገሩ ሁሉ «አያቴ» ለማለት ቡቡ የሚላት። በከዘራዋ ድንጋዩን እየቆረቆረች መጣች።

«ቡቡ፣ ዛሬ ይመጣሉ የተባለው እውነት ነው?»

«ሰፈሩ ሁሉ ምንጣፍ ሲያራግፍ ታያለሽ፣ ደግሞ እውነት ነው ወይ ትያለሽ። ይመጣሉ እንጂ። ያ ረጅሙ የባላባት ልጅ ነዋ።»

«ጥርስ ይዘው?»

«ታዲያ የባላባት ዘር ባዶ እጁን ሲመጣ አይተሽ ታውቂያለሽ? ይዘው ነው።»

የዓሣ ነባሪ ጥርስ እዚያ አገር ከማንኛውም ቃል ይከብዳል። ጥርሱን በሁለት እጁ የተቀበለ ሰው የተጠየቀውን እምቢ አይልም፤ መሬት ቢሉት መሬት፣ ልጅ ቢሉት ልጅ። ስለዚህ ብልህ ሰው መጀመሪያ ጆሮውን ያቆማል፤ እጁን የሚዘረጋው ኋላ ነው። የቫሲቲ አጎት ላይሴኒያ ደግሞ፣ እግዜር ይይለት እንጂ፣ ብልህ ተብሎ አያውቅም።

«አጎትሽ ከትናንት ጀምሮ ጢሙን ሦስት ጊዜ ተላጨ» አለች ቡቡ። «ፊቱ አልቆ አጥንቱ ሊወጣ ነው።»

ቫሲቲ ሳትወድ ሳቀች። ሳቋም ደከመና መንገድ ላይ ቀረ።

የአጎቷ ነገር የታወቀ ነው። እሱ የሚፈልገው የአውስትራሊያውን ነው። «የወንድሜ ልጅ አውስትራሊያ ነው የምትማረው» ብሎ በሰው ፊት ለመናገር ምላሱ ካሳከከው ወር ሆኖታል። ገንዘቡስ ሲሉት መዋጮ እንጥራ ይላል። ምንጣፍ ይነጠፋል፣ ዘመድ ይሰበሰባል፣ እያንዳንዱ እየተነሣ ያለችውን ያስቀምጣል፣ ስሙ በጩኸት ይጠራል። መልካም ልማድ ነው፤ መንደሩ ስንቱን ቀብሮበታል፣ ስንቱን ድሮበታል። ግን በመዋጮ የተማረ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የመንደር ነው። ጫማ ቢገዛ እንኳ «የቀኙ እግር በኔ ብር ነው» የሚል አጎት አይጠፋም።

ከመዋጮው የባሰው ግን የራቱ ኢሲሬሊ ደብዳቤ ነበር።

ራቱ ማለት የባላባት ልጅ ማለት ነው፤ ቫሲቲ ግን መጀመሪያ ያየችው ቀን ይህንን አላወቀችም። ጀልባው ወደቡ አጠገብ ቆሞበት ነው ያገኘችው። «ካቻቪቴ አቀብለኝ፤ እሱን አይደለም፣ ትንሹን፤ ዓይን የለህም እንዴ?» አለችው። አቀበላት። አንድ ሰዓት ሙሉ ሲያቀብላት ቆየ። ሞተሩ ሲነሣ ከሞተሩ ይልቅ እሷን አየ። ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከወንዶቹ ረድፍ ወደ ሴቶቹ ረድፍ ዓይኑ እየተሻገረ፣ የሷም ዓይን መዝሙር መጽሐፉን ትቶ እየሄደ፣ መገናኛቸው ፍል ውሃው፣ ደብዳቤያቸው በዓሣ ጀልባ፣ እንዲህ ኖሩ። እናቱ አዲ ሊቲያ «ጥፍሯ ሥር ግራሶ ያላት ሴት ምንጣፌ ላይ አትቀመጥም» ብላለች። አዲ ሊቲያ ያለችው ነገር ደግሞ ድንጋይ ላይ እንደተጻፈ ነው።

ከአራት ሳምንት በፊት ኢሲሬሊ ከባሕሩ ማዶ ከርሻቸው ላይ ሆኖ ጻፈላት። ሦስት መስመር ነው። «ወደ አውስትራሊያው ሂጂ። ክፍያውን ለኔ ተዪው። ስለ ገንዘብ አታስቢ።»

በቃ። ስለ ገንዘብ አታስቢ! ስለ ገንዘብ የማያስብ ሰው ገንዘብ ያለው ሰው ብቻ ነው። ቫሲቲ ደሟ ፈላ። መልሱን የዚያኑ ቀን ጻፈችለት፤ ጽፋ ግን አፈረች፤ የመጨረሻዎቹን መስመሮች ሰው ሊያነባቸው ነው ብላ ስታስብ ሰውነቷ ተሸማቀቀ። ከመኝታ ምንጣፏ ሥር ከተተችው። በሳምንቱ ስትፈልገው የለም። ቡቡ እሳት አቀጣጥላበታለች ብላ ተወችው። ከእሱም በኩል አንዲት ቃል አልመጣችም። አራት ሳምንት ዝም። አሁን ደግሞ ጥርስ ይዞ።

«ሊወስደኝ ነው የሚመጣው» አለች ቀስ ብላ። «ደብዳቤ መመለስ ስላልፈለግሁ በሽማግሌ ሊወስደኝ ነው።»

ቡቡ ገመዱን ከእግሯ ጣት ነጥቃ ከረጢቱን ጎተተች።

«ጎደሬ ስትቀቅዪ ጎደሬ ቀቅዪ» አለቻት። «ሰውን ከመምጣቱ በፊት አታብስዪው።»

ቫሲቲ ሁለቱን ወረቀቶች አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተቻቸው። ሁለቱም ቀዘቀዟት።

*

እንግዶቹ ከቀትር በኋላ ደረሱ። ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው፣ ጎንበስ ብለው ገብተው፣ እግራቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። ወንዶቹ ከላይ፣ ሴቶቹ ከበሩ በኩል። ቫሲቲ ከቡቡ ኋላ ራሷን ደበቀች፤ እጇን ሦስት ጊዜ በሎሚ ታጥባለች፣ ግራሶው ግን ከጥፍሯ ሥር አልለቀቀም።

ኢሲሬሊ ከስቷል። ባለፈው ከምታውቀው ሸሚዝ ውስጥ ሌላ ሰው የገባ ይመስላል። አንዴ ቀና ብሎ አያት። የጠበቀችው የአሸናፊ ዓይን ነው፤ ያየችው ግን ሌሊቱን ሙሉ ጀልባ ሲቀዝፍ ያደረ ሰው ዓይን ነው። ዓይኗን ከእሱ ላይ አነሣች።

ሌላም ነገር አየች። አዲ ሊቲያ የለችም። የባላባት ቤት ሚስት ሊጠይቅ ሲመጣ እናት ትቀራለች? ይህንን አየችና አሳቡን አልጨረሰችውም፤ ደክሟት ነበር።

የባላባቱ ቤት አፍ የሆነው ሽማግሌ ሴሩ በጉልበቱ ተንበርክኮ ጥርሱን ከጨርቁ አወጣው። ያረጀ፣ በእጅ ብዛት እንደ ማር የቀላ፣ ገመዱ ወፍራም። ቤቱ ጸጥ አለ። ምንጣፉን የምትበላ ጉንዳን ብትኖር ትሰማ ነበር።

«ወደዚህ ደጅ የመጣነው» ሲል ጀመረ ሴሩ፣ ድምፁን ሳያስቸኩል፣ «አባቶቻችን በመጡበት መንገድ ነው። የያዝነው ትንሽ ነው፣ የምንጠይቀው ትልቅ ነው። እዚህ ቤት አንዲት ልጅ አለች...»

«ተቀብያለሁ!» አለ ላይሴኒያ።

ሴሩ አፉን ከፍቶ ቀረ።

«ገና እኮ አልጨረስኩም፣ ወንድሜ።»

«ግድ የለም፣ ግድ የለም! እናንተን ማስለፍለፍ ነውር ነው፤ ምን ልትጠይቁ እንደመጣችሁ ሕፃን ያውቀዋል።» ሁለት እጁን ዘርግቶ ጥርሱን ከሽማግሌው መዳፍ አንሥቶ ወሰደው። ሳም አደረገው። «ተቀብያለሁ፣ ቤቴም ተቀብሏል፣ የተጠየቀው ሁሉ ይሁን!»

ወንዶቹ መዳፋቸውን አጎድጉደው በዝግታ አጨበጨቡ። ማጨብጨብ ግዳቸው ነው። ቫሲቲ ያን ጭብጨባ በሆዷ ሰማችው። አለቀ አለች በልቧ። የሱቫው ስስ ወረቀት ደረቷ ላይ ተኮማተረ። አላለቀሰችም። ለማልቀስም ጉልበት ይፈልጋል።

ሴሩ ጉሮሮውን ጠረገ። ወደ ኢሲሬሊ ዞር ብሎ አየ፤ ኢሲሬሊ በራሱ ነቀነቀለት።

«እንግዲህ ስለተቀበላችሁን እናመሰግናለን» አለ ሽማግሌው። «ጥያቄያችን ይህ ነው። ይህች ልጅ ዓርብ በሚነሣው መርከብ ወደ ሱቫ ትሂድ። ራሷ ወደመረጠችው፣ አቅሟ ወደሚችለው ትምህርት ቤት። በስሟ ምንጣፍ ተነጥፎ መዋጮ አይጠራባት፤ ተመልሳ ስትመጣ የማንም ባለዕዳ እንዳትሆን። ትምህርቷን እስክትጨርስ ድረስም ማንም ቤት ለጋብቻ አይጠይቃት።» እዚህ ላይ ሽማግሌው ትንፋሹን ሰበሰበ። «የእኛም ቤት ቢሆን።»

ሰው ሁሉ ወደ ላይሴኒያ ዞረ። ላይሴኒያ ጥርሱን እንደያዘ ቀርቷል። ሦስት ጊዜ የተላጨው ፊቱ እንደተላጠ ካሳቫ ነጣ።

«ይ... ይህ... ሚስት አይደለም እንዴ የምትጠይቁት?»

«እኛ ሚስት አላልንም» አለ ሴሩ።

«አውስትራሊያውስ?»

«እሱንም አላልንም።»

«ላይሴኒያ» አለች ቡቡ ከኋላ፣ ሁሉም እንዲሰማ አድርጋ፣ «ምነው? ጥርሱ ነከሰህ?»

አንድ ሰው ሳቁን ሳል አስመሰለው። ከዚያ ሁለተኛው። ላይሴኒያ ጥርሱን ሊመልስ እጁን ወደፊት አደረገ፤ መልሶም ወደ ደረቱ ሰበሰበው። የተቀበሉትን ጥርስ የሚመልስ ሰው በዚያ አገር መቃብሩን የሚቆፍርለት አያገኝም።

«ይሁን» አለ፣ ድምፁ ከምንጣፉ ሥር የመጣ ይመስል። «ብያለሁ። ይሁን።»

ያንጎናው ተበጠበጠ፤ ያ ጭቃ ውሃ የሚመስለው መጠጥ በኮኮናት ቅል እየዞረ ወንዶቹ ተቀባበሉት። ቫሲቲ የሆነው ሁሉ የገባት ዘግይቶ ነው። ሲገባትም ደስ አላላትም፤ ደስታ ኋላ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ የመጣው ሕመም ነው። ከባድ ሸክም የተሸከመ ሰው ትከሻው መላጡን የሚያውቀው ሸክሙን ሲያወርዱለት ነው።

*

በማግስቱ የሞተሩን ቁልፎች ልታስረክብ ፋብሪካ ሄደች። ቺንጊያውን አውልቃ፣ ፖምፓውን ጠርጋ፣ ሞተሩን በጨርቅ እየወለወለች ሳለ በሩ ላይ ጥላ ወደቀ።

«ካቻቪቴ ላቀብልሽ?»

ዞር አላለችም።

«ትንሹን ከትልቁ ለይተህ ካወቅህ።»

ገብቶ የናፍጣ በርሜል ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ዳር ዳሩ ዘይት ጠጥቷል፣ ዓሣ ዓሣ ይሸታል። ቫሲቲ የራሷን እጅ ጽሑፍ አየችና ጨርቁ ከእጇ ወደቀ።

«ከየት አመጣኸው?»

«ቡቡሽ በዓሣ ጀልባ ላከችልኝ። 'ማንበብ አልችልም፤ ግን ልጅቷ ይህን ወረቀት ምንጣፏ ሥር አድርጋ ነው የምትገላበጠው፣ ያንተ ሳይሆን አይቀርም' ብላ።»

«እሳት ያቀጣጠለችበት መስሎኝ ነበር!»

«አቀጣጠለችበትማ።»

ገለጠው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ አነበበላት፤ እሷ እንዳልጻፈችው ሁሉ።

«'ራቱ ኢሲሬሊ። ደብዳቤህ ደርሶኛል። እኔ ጀልባ አይደለሁም፣ ተገዝቼ ስምህ አይጻፍብኝም። የአውስትራሊያው መጥፎ ነው አልልም። ግን ሰው የከፈለልኝን ትምህርት ሰው ይጠይቀኛል። የሱቫው በላቤ የምከፍለው ነው፤ በላቤ የከፈልኩት የኔ ነው። ጠልቼህ አይደለም። ደክሞኛል። አጎቴ ወደ አንድ ይጎትተኛል፣ እናትህ ወደ አንድ፣ አሁን ደግሞ አንተ። አንድ ሰው፣ አንድ ቀን እንኳ፣ ሳይጎትተኝ አጠገቤ ቢቆም ብዬ ተመኘሁ። ያ ሰው አንተ ትመስለኝ ነበር።'»

ወረቀቱን አጠፈው።

«ይህችን 'ትመስለኝ ነበር' የምትለዋን» አለ፣ «ስንት ጊዜ እንዳነበብኳት አትጠይቂኝ።»

«ታዲያ ለምን ያን ደረቅ ደብዳቤ ጻፍክ? ስለ ገንዘብ አታስቢ! እንደ ነጋዴ!»

ኢሲሬሊ እጁን አየ። የባላባት እጅ ነው ይባላል፤ ኮኮናት ሲሰብር የቆሰለ እጅ ግን እንደማንም እጅ ነው።

«የሱቫው ሁለት ዓመት መርከብ ላይ ያስቀምጥሻል» አለ። «የአውስትራሊያው መሬት ላይ ነው። የአባትሽ ጀልባ ባዶውን የተገኘ ዕለት ከፈላጊዎቹ አንዱ እኔ ነበርኩ። አታውቂኝም ያኔ። እኔ አውቅሻለሁ፤ ወደቡ ላይ ቆመሽ ነበር፣ የማንንም እጅ አልያዝሽም። ያንን ባሕር ሳየው... ውድ የሆነው ትምህርት ቤት መሬት ላይ ስለሆነ ነው ያንን ያልኩሽ። ሌላ ምንም አይደለም።»

ቫሲቲ ሞተሩን ተደገፈች። ብረቱ ቀዝቅዟል፤ ስድስት ዓመት ሙሉ በቀን ቀዝቅዞ አታውቀውም።

«ይህንን ነበር መጻፍ» አለች። «ፈርቻለሁ ብለህ።»

«የባላባት ልጅ ፈርቻለሁ ብሎ አይጽፍም።»

«የባላባት ልጅ ጅል ነው።»

«ነው» አለ።

«እኔም የባሕሩ ነገር አይገባኝም መሰለህ? እፈራዋለሁ። ግን አባቴን የገደለው ባሕሩ ብቻ አይደለም፤ ማንም ያላየለት ያረጀ ሞተር ነው። እኔ የምማረው ያንን ለማየት ነው። መሬት ላይ ተቀምጬ ልማረው አልችልም።»

ራሱን ነቀነቀ። እስማማለሁ ለማለት አይመስልም፤ ከባድ ዕቃ አንሥቶ ክብደቱን እንደሚለካ ሰው ነው የነቀነቀው።

«እናትህስ ምን አለች?»

«አራት ሳምንት አላናገረችኝም። ትናንት ማታ 'አባትህ ቢያይህ' አለችኝ። ያም ትልቅ ነገር ነው፤ ከኩርፊያ ወጥታለች ማለት ነው።»

አባትህ ሲል ነው ቫሲቲ የነቃችው። ያ የቀላ፣ ያረጀ ጥርስ። ገመዱ።

«ኢሲ። ጥርሱን ከየት አመጣኸው?»

ጎንበስ ብሎ የወደቀውን ጨርቅ አነሣ።

«እያናገርኩህ ነው።»

«የአባቴ ነው።»

አባት ሲሞት ለወንድ ልጁ የሚተወው ጥርስ ለምን እንደሆነ እዚያ አገር የማያውቅ የለም። አንድ ጊዜ ነው የሚወጣው፤ ለአንዲት ሴት። ሌላ እስኪገኝ ሰው ሊያረጅ ይችላል።

«ሚስት የምትጠይቅበትን» አለች ቫሲቲ፣ ቃሉ እየተሰበረባት፣ «እኔን ለመልቀቅ አወጣኸው?»

«ለመልቀቅ አይደለም። አጠገብሽ ለመቆም ነው።»

«እና በምን ልትጠይቀኝ ነው?»

«አልጠይቅሽማ። የኛም ቤት ቢሆን ተብሏል፤ ሰምተሻል።» ፈገግ ለማለት ሞከረ፤ አልሆነለትም። «ልትጠብቂኝም አልጠይቅሽም። እሱም መጎተት ነው።»

ከበርሜሉ ተነሣ። ካቻቪቴዋን ከመሬት አንሥቶ በመዳፏ አስቀመጠላት፤ ትንሹን። ጣቱ ጣቷ ላይ ቆየ፣ ከሚገባው ትንሽ በለጠ፤ ከሚያስፈልጋት ግን በጣም አነሰ። እሱ ከሄደ በኋላ ቫሲቲ እዚያው ቆማ ብረቷ ላይ የቀረውን የእጁን ሙቀት እስኪጠፋ ድረስ ያዘችው።

*

ዓርብ መርከቡ ዘግይቶ ገባ፤ በሰዓቱ ገብቶም አያውቅም። አጎቷ ላይሴኒያ ሁለት ቀን አኩርፎ ሲያበቃ የአባቷን የመፍቻ ሣጥን ተሸክሞ መጣ። ወደቡ ላይ ዘጭ አደረገውና ላቡን ጠረገ።

«ወንድሜ ዝገት አይወድም ነበር» አለ፣ ወደ ሌላ እያየ። «ዘይት ቀብቼዋለሁ።» ከዚያ አላስችል አለው፦ «አውስትራሊያው ግን ወረቀቱ ራሱ ያምር ነበር።»

«ወረቀቱን ለእርስዎ ትቼልዎታለሁ፣ አጎቴ። ግድግዳ ላይ ይስቀሉት።»

ትንሽ አሰበበት። «ለሚመጣ እንግዳ ማሳየት ይቻላል» አለ።

ቡቡ በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ ጎደሬና በኮኮናት ወተት የበሰለ ዓሣ አስይዛት፣ ዳር ወስዳ አንገቷን አሳየቻት። በገመድ ያሰረችው ቁልፍ ተንጠልጥሏል።

«ይህን ታያለሽ? የሣጥኔ ቁልፍ ነው። ጥርሱን ከአጎትሽ ወስጄ ቆልፌበታለሁ። እሱ እጅ ላይ ቢሆን ኖሮ በሳምንቱ በሆነ ነገር ይለውጠው ነበር።»

«ደግ አደረግሽ፣ ቡቡ» አለች ቫሲቲ። ዓይኗ ግን ወደቡ ጫፍ ላይ ነው። ኢሲሬሊ እዚያ ቆሟል፤ ከሰው ለይቶ፣ እጁን ሳያነሣ።

«ደግ አደረግሽ ትላለች! ምሁር ብለው የሚልኩት አንቺን ነው?» ቡቡ በከዘራዋ የመፍቻ ሣጥኑን ጎን ቆረቆረች። «ስሚኝ። የእነሱ ቤት አይጠይቅም ተባለ። የተባለው ይኸው ነው። የእኛ ቤት አይጠይቅም ያለ ሰው ሰምተሻል?»

ቫሲቲ ዞረችላት።

«ጥርሱ የመጣበትን መንገድ ያውቀዋል» አለች ቡቡ። «አራት ዓመት ያርፋል፣ ከዚያ በመጣበት ይመለሳል። እኔ ራሴ ነኝ የምይዘው። ልጇን ልጠይቅ አዲ ሊቲያ ምንጣፍ ላይ ሄጄ ቁጭ እላለሁ፤ በዚህ በግራሶ በተቀባ የአባትሽ ሣጥን አጠገብ። ጆሮዋን ታቆማለች፣ እጇንም ትዘረጋለች።»

«ቡቡ... አራት ዓመት ትቆያለሽ?»

«ሞትም ይጠብቀኝ፣ ሥራ ላይ ነኝ። በይ ሂጂ አሁን፣ መሰላሉን ሊያነሡት ነው።»

ወጣች። የመርከቡን ዳር ብረት ተደግፋ ወደ ወደቡ ጫፍ አየች። እሱም አያት። ማንም ለማንም እጁን አላውለበለበም፤ ማውለብለብ ለተለያየ ሰው ነው። ቫሲቲ በእጇ አንገቷን ነካ አደረገች፣ ቁልፍ በሚንጠለጠልበት ቦታ። አልገባውም። ቡቡ አጠገቡ ደርሳ ከዘራዋን ትከሻው ላይ አሳርፋ አንድ ነገር ስትነግረው ግን ረጅሙ ሰውዬ እንደ ሕፃን ፊቱን በሁለት እጁ ሲሸፍን ከሩቅ ታየ።

መርከቡ ተነቃነቀ። ከእግሯ ሥር ሞተሩ ጀመረ። በልማዷ አዳመጠችው፤ ሦስተኛው ፒስተን ትንሽ ይመታል፣ ሌላው ደህና ነው። ከሰው ሁሉ ዞር ብላ የአባቷን ሣጥን ተንተርሳ ተቀመጠች። ጨው፣ ናፍጣ፣ የቡቡ የሙዝ ቅጠል። ደክሟት ነበር፤ አሁን ግን ድካሙ የራሷ ነበር።

ያ ሩቅ ዘመድ፣ እንቅልፍ፣ ያኔ መጣ። በዚህኛው ጊዜ ዕቃውን ይዞ ነው የመጣው።